ዘሀራ፣ ስክሪኑ የጠቆረ ዕለት

የዘሀራን ሞት በስልክ የነገረኝ የቆቦ ጎረቤታችን ነው። ወልድያ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ፈተና እያረምኩ ነበር። "እትዬ ዘሀራ አረፈች፤ ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ትቀበራለች" አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት መምህራን ቆቦ ያስተማሩ ስለሆኑ ያውቋታል። ስነግራቸው ሁለቱም እኩል "በመኪና ነው?" አሉ።

በመኪና አልነበረም። ኩላሊቷን ታማ ሰንብታ አልጋዋ ላይ ነው የሞተችው። ጥያቄያቸው ግን አልገረመኝም። እኔም ስልኩ ገና ከጆሮዬ ሳይወርድ መጀመሪያ የመጣብኝ ያው ነበር።

ቆቦ ተመድቤ ስሄድ ቤት ያከራየችኝ እሷ ናት። ባሏ ሞቶ፣ ልጅም ሳትወልድ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከሦስት ተከራይ ጋር ትኖር ነበር። ባጃጅ ትነዳለች። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ባጃጁ ውስጥ ስትገባ ጉልበቷ መሪውን ሊነካ ይደርሳል። ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ነበር የምትነዳው። ፍሬኑ በጫማ አይሰማኝም ትላለች።

እሷን ከሌላው ሹፌር የሚለያት አንድ ነገር ነበር። ሰው ከሞላላት በኋላ ሞተሩን ሳታስነሳ ዞር ትልና "ልንገራችሁ" ትላለች። "የኋላው ግራ ጎማ አልቋል። ፍሬኑ ትናንት ተሠርቷል ግን ገና አላመንኩትም። እኔ ደግሞ ሌሊት ጥርሴን ሲያመኝ አድሮ አልተኛሁም። የሚወርድ ይውረድ፤ አልቀየምም።" የሚወርድ ይወርዳል። የሚስቅ ይስቃል። አንድ ጊዜ ከረባት ያሰረ እንግዳ "ሰው እያስፈራሽ እንጀራ ትበያለሽ እንዴ?" አላት። "የሚሄደው ያንተ ነፍስ ነው። እኔ የማውቀውን አንተም ማወቅ አለብህ" አለችውና አስነሳች።

ክረምት ላይ ከሮቢት ወደ ገጠሩ በሚገባው የጠጠር መንገድ አብሬያት ነበርኩ። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል። ውሃው ቀይ ነው፤ ጥልቀቱ አይታይም። ዘሀራ ወርዳ ዳር ቆመችና ተመለከተችው። "ይሄን ውሃ አላውቀውም" አለችና ሰውን ሁሉ ይዛ ተመለሰች። ከኋላችን የነበረው ባጃጅ ግን ገባበት፤ እየተወላገደም ቢሆን ተሻገረ። ማዶ የነበሩት ሰዎች አጨበጨቡለት፤ በእኛም ሳቁ። እኔ አፈርኩ። እሷ ግን "እሰይ፣ ተሻገሩ" አለች እንጂ ፊቷ እንኳ አልተለወጠም። ሰው የሚላትን አትሰማም ማለት አይደለም። ለማታውቀው ነገር አውቃለሁ ማለት ብቻ አይሆንላትም ነበር።

በኋላ ባጃጇንና የሠርግ ወርቋን ሸጠች፤ አገሩ ሁሉ የሚያወራለትን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛች። ቆቦ ውስጥ ከነበሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ነጭ ነው፤ ድምፅ የለውም። በመርፌ የሚያሳይ ቆጣሪ የሚባል ነገር የለበትም። ከመሪው ኋላ እስከ መኪናው መሃል አንድ ረጅም ስክሪን ተዘርግቶበታል። ፍጥነቱም፣ የቀረው ቻርጅም፣ ማርሹም፣ ከኋላ ያለው መንገድም የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የማርሹ ማዞሪያ ትንሽ ክብ ነገር ናት። አዙረሽ ስትለቂያት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ምን ላይ እንዳለሽ የሚነግርሽ ስክሪኑ ብቻ ነው።

ዘሀራ መኪናውን ወደደችው፤ ስክሪኑን ግን አላመነችውም። "ሁሉን የሚነግረኝ እሱ አንዱ ነው። እሱ ዝም ያለ ቀን ማንን ልጠይቅ?" ትለኝ ነበር። የቆቦ ፀሐይ እንዳያበላሸው እየፈራች በቆመች ቁጥር ፎጣ ታለብሰዋለች። ያም ሆኖ አንድ ሁለት ጊዜ ሙቀቱ ጠርዙን አጥቁሮት ያውቃል። ስለ ብርድ ግን ማንም አላሰበም። ቆቦ ላይ ሆኖ ስለ ብርድ የሚያስብ ማን አለ?

በታኅሣሥ የአባቴ ሙት ዓመት ደረሰ። ቤተሰቦቼ ያሉት ጋሸና፣ ከድልብ በላይ ደጋው ላይ ነው። መኪናዋን ለሁለት ቀን እንድታከራየኝ ስጠይቃት "ደጋ ወጥታ አታውቅም። እኔም ይዣት ወጥቼ አላውቅም። ይሄን እያወቅሽ ከሆነ እሺ" አለችኝ። ወጣን። ዳገቱ ቻርጁን በላው፤ ጋሸና ስንገባ ከግማሽ በታች ቀርቶ ነበር። ሌሊት እቤት እንሰካዋለን ብለን ነበር፤ አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። "ግድ የለም፤ መልሱ ቁልቁለት ነው" አለች። ጾም ስለነበር ሥጋ አልነበረም፤ እሷም ከሁላችን ጋር ከአንድ ትሪ በላች። እናቴ ሁለት ጋቢ ደረበችላት። መኪናው ግን ሜዳ ላይ አደረ።

ጎህ ሲቀድ ወንድሜ አያሌው የተኛንበትን በር ደበደበ። ሚስቱ ትርንጎ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገና ነው። "ደም እየፈሰሳት ነው" አለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በጓሮ በኩል ቅርብ ነበረች፤ መጥታ አየቻት። "ይሄ እኔ ዘንድ የሚሆን አይደለም። ወልድያ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፤ አሁኑኑ" አለች። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ነርሷ ብቻዋን ስለሆነች ጣቢያውን ጥላ መምጣት አልቻለችም። ለትርንጎ ግሉኮስ ሰካችላትና ከረጢቱን ለእኔ ሰጠችኝ። "ከራስሽ በላይ ያዢው። ክንድሽ ቢዝልም እንዳታወርጂው" አለችኝ።

ዘሀራ ቀድማ ወጥታ ነበር። ግቢው በውርጭ ነጭ ሆኗል። የመኪናውን መስታወት በጥፍሯ ትፍቃለች። ውስጥ ገብታ ማስነሻውን ተጫነች፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ደግማ ተጫነች። መኪናው ይነሳ አይነሳ ማወቅ አይቻልም፤ የሚጮህ ሞተር የለውም። ፍሬኑን ረግጣ ጆሮዋን ወደ ታች አደረገች። "ተነስቷል። ሲጢጥ የምትል ነገር አለችው" አለች።

ትርንጎን በጋቢ ጠቅልለን አስገባናት። ጭንቅላቷ እኔ ጭን ላይ፣ እግሯ አያሌው ጭን ላይ ሆነ። ዘሀራም ዞር አለች።

"ልንገራችሁ" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። "ስክሪኑ በብርዱ ጠቁሯል። ምን ያህል ቻርጅ እንደቀረን አላይም። ማርሹ ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ አላይም። ማሞቂያውን ብከፍተው ስክሪኑ ይነቃ ይሆናል፤ ማሞቂያው ግን ቻርጁን ይበላል። ድልብ አፋፍ ከደረስን ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪውን ይሞላዋል። እዚያ መድረሳችንን ግን አላውቅም። ትርንጎ፣ ነፍሱ ያንቺ ነው።"

"ምን ትጠይቂያታለሽ?" አለ አያሌው። "ሌላ ምን አለን?"

"እሷን ነው የጠየቅኩት።"

ትርንጎ ዓይኗን ሳትገልጥ "እንሂድ" አለች።

ከፊታችን ግንብ፣ ከኋላችን ገደላማ ማሳ ነበር። አያሌው ወርዶ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገ። ዘሀራ ማዞሪያዋን አዙራ በጣም ቀስ ብላ ነዳጁን ነካ አደረገችው፤ በልማድ ነዳጅ ነው የምንለው እንጂ ነዳጅ የለውም። መኪናው ድንጋዩን ገፋ። "ኋላ ነው" አለችና አዞረች። እንደገና ነካ አደረገችው፤ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። "ቢስሚላህ" ብላ መሪውን ጠምዝዛ ከግቢው ወጣች።

ደጋው ላይ መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ማሞቂያው እንደተዘጋ ነው። ትንፋሻችን መስታወቱ ላይ ይቀመጣል፤ ዘሀራ በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ትነዳለች። በቀኝ እጄ ከረጢቱን ወደ ጣሪያው ይዣለሁ፤ በግራዬ የትርንጎን ጉንጭ እነካለሁ። መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከንፈሯ ነጣ። የለበስኩትን ሁሉ ደረብኩላት፤ መንቀጥቀጡ አልተወም።

ዘሀራ በመስታወት አየቻት። ማሞቂያውን ከፈተችው።

"ይበላል አላልሽም?" አላት አያሌው።

"ይብላ።"

ሙቀቱ ቀስ ብሎ መጣ። ትርንጎም መንቀጥቀጧን ቀነሰች። ስክሪኑ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፤ ከዚያ የሆነ ጥላ ታየበት። ዘሀራ "ቁጥሩ ተደራርቧል፤ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይመጣል" አለች። መስታወቱን እየጠረገች ጥቂት ነዳች። እኔ ካለሁበት የፊት ወንበሩ የስክሪኑን ግማሽ ስለጋረደኝ ቁጥሩ አይታየኝም፤ ዓይኔም ከረጢቱ ላይ ነበር።

"እትዬ ዘሀራ፣ አሁንስ ይነበባል?" አልኳት።

"ይነበባል።"

"ስንት ይላል?"

"ይበቃናል" አለች። "ድልብን አልፎም ይተርፋል።"

አያሌው ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። "ሰማሽ ትርንጎ? ይተርፋል" አላት። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ወዲያው ዘሀራ ማሞቂያውን ዘጋችው። "ሞቃለች፤ ይበቃታል" አለች።

ከድልብ በፊት ያለው የመጨረሻው ዳገት ላይ መኪናው ደከመ። በእግር የሚሄድ ሰው ሊቀድመን ምንም አልቀረውም። ዘሀራ ወደ መሪው ተጠግታ፣ በባዶ እግሯ ረግጣ፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ስትል ይሰማኛል። አያሌው "ይተርፋል አላልሽም?" አለ። እሷ "ያ ረቢ" ማለቷን ቀጠለች። አንድ ጊዜ መኪናው ሊቆም ሲል ወደ ኋላ የተንሸራተተ መሰለኝ፤ ከዚያ አፍንጫው ወደ ታች ዞረ። አፋፉ ላይ ነን። ከሥራችን ሸለቆው በጉም ተሞልቷል።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ብርዱ ስክሪኑን እንደገና ያዘው፤ ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ሥዕሉም ይጎተት ጀመር። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከጉሙ ውስጥ የከባድ መኪና መብራት ወጣ። ጭነት ይዞ ሽቅብ ይመጣል። ኩርባውን ሙሉ ካልያዘ አይዞርም፤ ከቆመም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሹፌሩ ጡሩንባውን አልለቅ አለ። ወደ ኋላ ተመልሰን ሰፊው ቦታ ላይ መጠጋት አለብን። በቀኛችን ገደል ነው።

አያሌው ከኋላ ሊመራት ወርዶ ወደ ጉሙ ገባ። ዘሀራ ማርሹን አዞረች። የኋላው ካሜራ ስክሪኑ ላይ ከፈተ፤ "አየሁት፣ ጥጉ ላይ ቆሞ ነይ እያለኝ ነው" አለች። መኪናው ትንሽ ሄደ።

ወዲያው ቆመች። ቀጥ አድርጋ።

"ምነው?" አልኳት።

"እጁ አንድ ቦታ ቆሟል" አለች። "የሰው እጅ እንዲህ አይቆምም።"

በሩን ከፍታ ወረደች። ከዚያ የሰማሁት "አያሌው" የሚለውን ድምፅዋን ነው፤ ጩኸት አልነበረም፤ ልጅን ከእሳት ዳር እንደሚጠሩት ዓይነት ነበር። አያሌው ጥጉ ላይ አልነበረም። ጎማው እንዳያገኘው ብሎ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሊያነሳ፣ ከመኪናው ኋላ ጎንበስ ብሎ ነበር። በጎማውና በራሱ መካከል የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። ስክሪኑ ላይ ግን አሁንም ቆሞ፣ እጁን አንስቶ፣ ነይ ይላታል።

"ግባ" አለችው። "ማንም አይመራኝም።"

በሩን ከፍታ፣ ግማሽ አካሏን ወደ ውጭ አውጥታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ፣ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ መመለስ ጀመረች። መኪናው ዳገቱን ሊገፋ አቅቶት ያቃስታል። የገደሉን ጠርዝ ከእኔ በኩል በመስኮት አየዋለሁ፤ ሳሩ ላይ ያለው ውርጭ ሳይቀር ይታየኛል። ትርንጎ እጄን ጨበጠችው። ዘሀራ ሰፊው ቦታ ላይ ተጠግታ በሩን ዘጋች፤ ከባድ መኪናው በጎናችን እየተንቀጠቀጠ አለፈ፤ ሹፌሩ ወደ እኛ ሳያይ እጁን አነሳ። ከዚያ ወደ ታች ነዳች።

ሳንቃ ስንደርስ ፀሐይ ነበረ። ስክሪኑ ቦግ አለ፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ፍጥነቱን፣ ማርሹን፣ ከቁልቁለቱ የተሞላውን ቻርጅ አሳየ።

ወልድያ ትርንጎን ከመኪናው በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ሴት ልጅ ወለደች። ትንሽ ነበረች፤ ግን አለቀሰች። ለትርንጎ ብዙ ደም ተሰጣት፤ ሳምንት ተኝታ ወጣች። እኔና አያሌው ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ዘሀራ ታጥታ ነበር። ወጥቼ ስፈልጋት የመኪናውን በሮች ሁሉ ከፍታ ወንበሩን በውሃ ታጥባለች። ጨርቁን መጭመቅ አቅቷት ነበር። ተቀብያት ጨመቅኩላት። ስለ ሕፃኗ ስነግራት "አልሐምዱሊላህ" አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ወልድያ ያለ አንድ መካኒክ ስክሪኑን ፈትቶ አየላት። እንዲህ ዓይነት መስታወት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲበርደው ይወፍራል፣ ሥዕሉም ይዘገያል፤ የዘሀራው ግን የቆላው ሙቀት አስቀድሞ ስለጎዳው በትንሽ ብርድ ነው የወደቀው አላት። ሌላ አስገጠመች። ደጋ ግን ከዚያ በኋላ አልወጣችም።

ከወር በላይ ቆይቶ አንድ ከሰዓት፣ ቆቦ፣ ግቢው ውስጥ መኪናውን ስታጥብ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ሳላስበው "ሰብለ፣ ዋሽቻችኋለሁ" አለችኝ።

"መቼ?"

"ደጋው ላይ። ቁጥሩ ሲጠራ ሦስት ነበር የሚለው። ከመቶ ሦስት። ድልብ እንደማያደርሰን ነው ያሰብኩት።" ውሃውን አፈሰሰችው። "ለትርንጎ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። በመስታወት አየኋት። ከዚያ ይበቃናል የሚል ቃል ከአፌ ወጣ።"

"ደግ አደረግሽ" አልኳት።

"ነፍሱ ያንቺ ነው ብያት መርጣ ነው የተሳፈረችው። ከዚያ የምታውቀውን ወሰድኩባት። መንገድ ላይ ብንቀር ኖሮ ተታላ ነበር የምትሞተው።" ፊቷን በክንዷ ጠረገች። "ሄጄ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ። አንቺ እንዳትነግሪያት፤ እኔው ነኝ የምነግራት።"

አልሄደችም። መጀመሪያ መንገዱ ጥሩ አይደለም ተባለ፤ በኋላ እኔ ወደ ወልድያ ተዛወርኩ፤ ከዚያ እሷ ታመመች። በስልክ ባወራን ቁጥር "ትርንጎ ደህና ናት?" ትለኛለች። በስልክ የሚባል ነገር አይደለም ትል ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ለቅሶ ለመድረስ ከጋሸና ወረደች። ልጇ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በእግሯ ትሄዳለች፤ የቆቦ ሙቀት አስጨንቋት ልብሷን እያወለቀች ትጥላለች። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መሃል ተቀምጠን ሰው እስኪቀንስ ጠበቅኩ። ከዚያ ዘሀራ ልትነግራት የፈለገችውን ነገርኳት፤ ማሞቂያውን፣ ቁጥሩን፣ ይበቃናል ማለቷን፣ አውፍ በይኝ ልትላት ማሰቧንም።

ትርንጎ ስጨርስ ቀና አላለችም።

"ሦስት ነበር" አለች። "አይቼዋለሁ።"

"እንዴት አየሽው?"

"ጭንሽ ላይ ተኝቼ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ስክሪኑ ፊት ለፊቴ ነበር። እሷ ከማንበቧ በፊት ነው ያየሁት።"

"ታዲያ ይበቃናል ስትል ምነው ዝም አልሽ?"

"እጇ መሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔም እንዳወቅኩ ካወቀች መንዳት የሚያቅታት መሰለኝ።" ልጇ የጣለችውን ልብስ አንስታ አጠፈችው። "አላታለለችኝም እኮ። ይሄን ይዛ ነው የሞተችው?"

ትርንጎ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ ልጅቷን አዘለች።

"መቃብሯን አሳዪኝ" አለች። "ሄጄ ልንገራት።"